ማንም ያልነካው ቁልፍ

የአንድን ቤት ምስጢር ማወቅ የፈለገ ጎረቤት አይጠይቅ፤ ሪሞቱን ተቀብሎ ቁልፎቹን ይመልከት። የእኛ ሆም ቲያትር ሪሞት ከአርባ በላይ ቁልፎች አሉት። ጽሑፋቸው የጠፋው ግን አራት ብቻ ናቸው፦ ማብሪያው፣ ድምፅ መጨመሪያው፣ መቀነሻውና ማጥፊያው። ማብሪያውን ሁላችንም ተጋግዘን ፋቅነው። መጨመሪያውን የጨረሰው ልጄ ነው፤ መቀነሻውን አማቴ። ሁለቱ ሲካረሩ ባለቤቴ በማጥፊያው ትገላግላለች። እኔ ብቻዬን የፋቅሁት ቁልፍ የለም። ስለ ቤቱ አስተዳደር ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ዕቃው የዲቪዲ ዘመን ነው፤ አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ ከባድ ዉፈር። ማንዋሉ ሁለቱን ስፒከሮች ከሶፋው ኋላ አስቀምጡ ይላል፤ ድምፁ ተመልካቹን እንዲከበው ነው። ባለቤቴ አምስቱንም ቡፌ ላይ ደርድራ ዳንቴል አልብሳቸዋለች። ስለዚህ እኛ ቤት ሄሊኮፕተር ከኋላ መጥቶ አያውቅም፤ ምንጊዜም ከቡፌው ነው የሚነሣው። ሪሞቱም ከነላስቲኩ ኖሮ፣ ላስቲኩ ቢጫ ሆኖ ሲቀደድ ነው ዓለምን ያየው።

አንድ ቀን መጨመሪያው አልታዘዝ አለ። የዚህ በሽታ ሕክምና በየቤቱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ መዳፍ ላይ ጠፍጠፍ። ከዚያ የባትሪ ድንጋዮቹን ባሉበት ማሽከርከር። እንቢ ካለ አውጥቶ በጥርስ መንከስ፤ በመጨረሻም ፀሐይ ላይ ማስጣት። አማቴ ድንጋዮቹን ሰፌድ ላይ ከበርበሬው ጎን አሰጧቸው።

ፀሐይና ሪሞት ግን የቆየ ጠብ አላቸው። አሜሪካዊው ዩጂን ፖሊ እ.ኤ.አ. በ1955 ለዜኒት ኩባንያ የሠራው ገመድ አልባ ሪሞት በብርሃን የሚያዝዝ ነበርና፣ ፀሐይ ቲቪው ላይ ስታርፍ ቻናሉን ትቀይረው ነበር። በዓመቱ ሮበርት አድለር ሌላ አመጣ፤ ውስጡ የአሉሚኒየም ዘንጎች አሉ፣ ቁልፉ ሲጫን ትንሽ መዶሻ ትመታቸውና ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ያወጣሉ። የሚነከስ ድንጋይ እንኳ የለውም። በእኛ አገር ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ሪሞቱ የቤቱ ታናሽ ልጅ ነበር። «ተነሥ፣ ጨምረው!» ይባላል፤ ይነሣል።

ከጠፍጠፋውም ከንክሻውም በፊት መደረግ የነበረበት ቀላል ነገር ነው። የስልክ ካሜራ ከፍቶ የሪሞቱን ግንባር ወደ እሱ ማዞርና ቁልፍ መጫን። ሪሞት የሚያወራበትን ኢንፍራሬድ ዓይን አያየውም፤ ካሜራ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ብልጭታ አድርጎ ያሳየዋል። የኋላ ካሜራው ካላሳየ የፊቱን መሞከር ነው። መቀነሻውን ስጫን ብልጭ አለ፤ መጨመሪያውን ስጫን ጭልም። እንግዲህ ድንጋዩም አምፖሉም ደኅና ናቸው፣ የታመመው ቁልፉ ነው። አማቴ ይህን ሲሰሙ «የእኔዋ ትሠራለች አይደል?» ብለው ወደ መቁጠሪያቸው ተመለሱ።

መርካቶ ሄጄ «ለሁሉም ይሆናል» የተባለ ሪሞት ገዛሁ። ቲቪውን አበራ፣ አጠፋ። ዉፈሩን ግን አያውቀውም፤ የዉፈሩ ማስተካከያ ያለው ደግሞ በዋናው ሪሞት ላይ ብቻ ነው። ልጄ ያለ ዉፈር ሙዚቃ የለም ባይ ስለሆነ ካቻቢቴ ማንሣት ግድ ሆነ።

ብሎኑ ድንጋዩ ከሚገባበት ቦታ ውስጥ ተደብቋል። እሱን ፈትቼ ጠርዙን ቀኑ ባለፈበት የባንክ ካርድ ፈለቀቅሁት። መጀመሪያ የወጣው ቆሎ ነው። ቀጥሎ የቁልፎቹ ጎማ፣ የእጃችንን ወዝ ጠጥቶ የራሱንም ዘይት እየተፋ። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ጥቁር የካርቦን ነጥብ አለች። ሰሌዳው ላይ ደግሞ ሁለት መስመሮች፣ እንደተሰባጠሩ የሁለት እጅ ጣቶች፣ ሳይነካኩ ተቀምጠዋል። ቁልፉ ሲጫን ካርቦኗ በላያቸው አርፋ ታገናኛቸዋለች። ካርቦኗ ካለቀች መጫኑ አለ፣ መገናኘቱ የለም። ልጄ አውራ ጣቱ እስኪነጣ የታገለው ከዚህ ጋር ነው።

ጎማውንም ሰሌዳውንም አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግሁ። ለሌሎቹ በቃቸው፤ ለመጨመሪያው አልበቃም። እርሳስ ቀባሁት፤ ግራፋይት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና እስከ እሑዱ ጨዋታ አደረሰን። ብዙ ሰው የሚምልበት የማስቲካ ብርማ ወረቀት ነው። ብርማው ፊት ወደ ሰሌዳው ከዞረ በእርግጥ ይሠራል፤ ግን ብረት ብረት ነው፣ እያደር ሰሌዳውን ይፍቃል። እኔ የማምነው በንቅለ ተከላ ነው፦ ማንም ከማይነካው ቁልፍ ሥር ካርቦኗን በምላጭ ገሽልጦ፣ ያለቀችውን አሳስቶ በቦታዋ መለጠፍ። ሱፐር ግሉ ከዚህ ጎማ ጋር ስለማይስማማ ለመስኮት የሚሆነውን ሲሊኮን በጥቂቱ ቀብቶ ማሳደር ይሻላል።

ታዲያ ማን ይሠዋ? ቤተሰብ ተሰበሰበ። ልጄ «ዙም»ን ተከላከለ፤ ነክቶት አያውቅም፣ ግን አንድ ቀን ያስፈልገኛል አለ። ባለቤቴ «ሪፒት» አይነካም አለች፤ የሠርጋችን ዲቪዲ አለበትና ዝም አልኩ። «አንግል» ላይ ደረስን።

«እሱስ ምን ይሠራል?» አሉ አማቴ።

«እማማ፣ አንዱን ትዕይንት እስከ 9 በሚደርስ የካሜራ አቅጣጫ እየመረጡ ለማየት ነው። ፊልሙ እንደዚያ ተደርጎ ከተቀዳ።»

«አይታችሁበት ታውቃላችሁ?»

ማንም አልመለሰም።

«ዘጠኝ ሥራ ተሰጥቶት አንዱንም ያልሠራ! ገሽልጠው።»

ሲሊኮኑ አደረ፤ በማግስቱ መጨመሪያው በአንድ ንክኪ ታዘዘ። ልጄ ከዚያ ወዲህ ቡፌውን እያንቀጠቀጠው ነው፤ ዳንቴሎቹ ወደ ጠርዝ ተጉዘዋል። አማቴም ትናንት ከቅዳሴ መልስ ሪሞቱን ይዘው መጡ፤ አውራ ጣታቸው «ሰብታይትል» ላይ አርፏል።

«ልጄ፣ ይቺስ ሥራ አላት? የእኔዋም ሰሞኑን ደክሟታል።»