በነፃ ነው የምሠራው፤ ለእድሩ ግን ገና አትንገሪ

ላይፕሲግ፣ ጀርመን፤ የካቲት ወር

ይድረስ ለምወድሽ እታለም፤

   

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልኩ ስላላዋጣኝ ነው። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ከተቆራረጠው ውስጥ ደግሞ ለጆሯችሁ የሚጥመው ብቻ እየተለቀመ እድር ድረስ ይሄዳል። «ወንድሜ ጀርመን አገር ትልቅ መሥሪያ ቤት ገብቷል» ብለሽ ተናግረሻል አሉ። ትልቅነቱን አልክድም፤ ባለ አራት ፎቅ ነው። ግን የአረጋውያን መኖሪያ ነው፤ እኔም ተቀጣሪ ሳልሆን በጎ ፈቃደኛ ነኝ። የምተኛበት ክፍል አለኝ፣ ምሳ እበላለሁ፣ ብታመም ኢንሹራንስ ያሳክመኛል፣ በየወሩም ትንሽ የኪስ ገንዘብ ይሰጠኛል። ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። የአክስታችን ልጅ የላከልኝን የባጃጅ ዋጋ አይቼዋለሁ፤ ሰማያዊው ያምራል፤ በርታ በይልኝ።

ሾፌሩ ጋሼም «ደብረ ብርሃን ላይ በነፃ የሚያሠራ ጠፍቶ ነው ባሕር የተሻገረው?» ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ስለዚህ ይህን ክፍል ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። እዚህ አገር ወጣት ወንድ ውትድርና ግዴታው ነበር። መሣሪያ አልይዝም ያለ ደግሞ በምትኩ ሆስፒታልና የአረጋውያን ቤት ገብቶ፣ ሾርባ እያጎረሰና ጋሪ እየገፋ ግዳጁን ይጨርስ ነበር። በ2011 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ እቆጥርልሻለሁ) ግዴታው ሲቆም ያ ሁሉ ነፃ ጉልበት አብሮ ቆመ፤ ሾርባው ግን አልቆመም። በዚያው ዓመት በጁላይ 1 ቀን የፌዴራል የበጎ ፈቃድ አገልግሎት የሚባለውን ጀመሩ። ለወጣቱም ለጡረተኛውም፣ ከውጭ ለሚመጣውም በሩ ክፍት ነው። እኔም በዚያ በር ነው የገባሁት።

ልጅ ሳለን ፈረንጅ በጎ ፈቃደኛ እኛ ዘንድ መጥቶ ችግኝ ሲተክል፣ ከእኛም ጋር ፎቶ ሲነሳ ትዝ ይልሻል? አሁን ተራው የእኔ ነው ብዬ፣ አንዲት አሮጊት አቅፌ ፈገግ ያልኩበትን ፎቶ ልልክላችሁ አስቤ ነበር። እዚህ ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ ሰው ፎቶ ማንሳት አይቻልም፤ የሚፈርሙት ቅጽ አለ። ቅጹን ሞልተው የፈረሙልኝ አንድ አዛውንት ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ፎቶው ላይ ተኝተዋል። ስለዚህ ደግ ለመሆኔ ማስረጃ የለኝም።

ሥራዬ የሚጀምረው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ነው። መጀመሪያ ዳቦ እቀባለሁ። ዳቦ መቀባት ሥራ ነው እንዴ እንዳትይ። አንዲት እናት አሉ፣ ቅቤው እስከ ቅርፊቱ ጫፍ ካልደረሰ በጣታቸው ባዶውን ቦታ አሳይተው ሳህኑን ይመልሱልኛል። ከደረሰም በኋላ አይብስ አትሰጠኝም ወይ የሚል ፊት ያሳዩኛል። መድኃኒት መንካት አልተፈቀደልኝም፤ እሱ የነርሶች ነው። ጋዜጣ አነባለሁ፤ እነሱ የላይፕሲግ ጀርመንኛቸውን፣ እኔ አዲስ አበባ የተማርኩትን ይዘን በመካከል እንገናኛለን። ከሰዓት በኋላ ሉዶ እንጫወታለን። ከሁሉም የሚያሸንፉት የ91 ዓመት ሴት ናቸው፤ ዳይሱን የሚያነቡት መነጽራቸውን አውልቀው ነው፤ መነጽራቸው በወለቀ ቁጥር ስድስት ይወጣላቸዋል።

ያስቸገረኝ አስተዳደጌ ነው። አባባ እንዳስተማሩን አዛውንት ሲገባ ብድግ እላለሁ። ሁሉም ሰው አዛውንት በሆነበት ቤት ውስጥ መቀመጫ አጣሁ። አንዱ ሲገባ ብድግ፣ ሌላው ሲወጣ ብድግ። ነርሶቹ የወገብ ሕመም ያለብኝ መስሏቸው ሐኪም ሊያሳዩኝ ነበር።

ብርዱን በተመለከተ፣ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ ብዬ፣ የሻንጣዬንም ግማሽ በአገራችን ፋብሪካ ብርድ ልብስ ሞልቼ ነው የመጣሁት። ብርዱስ ደህና ነው። ልቤን ያቆመው መስኮቱ ነው። እኛ ዘንድ ታክሲ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቂያለሽ፤ ሐምሳ ሰው በላብ ቢጠመቅም ነፋስ አይገባም። እዚህ በጥር፣ ውጭ በረዶ እየወረደ፣ ነርሷ የ90 ዓመት ሴት የተኙበት ክፍል ትገባና መስኮቱን ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። አየሩ ይታደስ ነው ነገሩ፤ በቀን ብዙ ጊዜ ይደረጋል፤ ለእነሱ ከጸሎት አይተናነስም። ሮጬ ዘጋሁት። ከፈተችው። «ብርድ ይመታቸዋል!» አልኳት። «ብርድ ማንን መትቶ ያውቃል?» አለችኝ። የተመቱትን እቆጥርላት ጀመር፤ አያታችንን፣ የሒሳብ አስተማሪያችንን፣ የጎረቤታችንን ግራ ፊት፣ ያንቺን ትከሻ። ስሙ ሲበዛባት ጥላኝ ሄደች። ሴትዮዋ ግን እስከ ዛሬ አላስነጠሱም፤ ይህን እንዴት እንደሚያስረዱት ቄሰ ገበዙን ጠይቂልኝ።

ስለ ቆሻሻ በአጭሩ። ወረቀት ለብቻ፣ ማሸጊያው ለብቻ፣ የምግብ ትራፊው ለብቻ፣ የቀረው ለብቻ ይጣላል። ጠርሙስ ደግሞ እንደ ቀለሙ ነው፤ ነጩ፣ ቡናማው፣ አረንጓዴው። ሰማያዊ ካጋጠመሽ ከአረንጓዴው ጋር ነው። እሑድ ግን አይጣልም፣ ጩኸቱ ሰፈሩን ይረብሻል። የውኃ ፕላስቲክና ጣሳ 25 ሳንቲም ዩሮ ስለሚያስመልስ ሰው ሁሉ የራሱ ቁራሌ ነው፤ ከረባት ያሰረ ሰው ከረጢት ሙሉ ጣሳ ይዞ ማሽን ፊት ተሰልፎ ታገኚዋለሽ። ብቻ «ቁራሌው!» ብሎ አይጮህም።

አብራኝ የምታገለግል የ19 ዓመት ጀርመናዊት አለች። ሃይማኖት የለኝም ትላለች፤ ነገር ግን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል በአፏ አይዞርም፤ ዓመቱን ሙሉ፣ ፋሲካንም ጨምሮ። የንስሐ አባት የላት፣ የምትፈራው የላት። ሁዳዴ ሲገባ ሱቁን ሁሉ የምታሳየኝ እሷ ናት፤ የጾም አይብ እንኳ አለ። ጣዕሙ ከሥጋ ፈቃድ ሙሉ በሙሉ ያርቃል።

አገልግሎታችን ሴሚናርም አለው፤ ለዓመት 25 ቀን። ክብ ሠርተን እንቀመጥና ወለሉ ላይ ሥዕሎች ይበተናሉ፤ «ዛሬ ስሜታችሁን የሚገልጸውን ምረጡ» ይባላል። እኔ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ በግ አነሳሁ። አስተባባሪዋ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ብቸኝነት ይሰማሃል ወይ አለችኝ። እኔ የገና ገበያ ላይ ስንት ያወጣ ነበር እያልኩ ነበር የማስበው። ለጨዋነት ስል «አዎ» አልኩ።

አሁን ጋሼን ቀረብ አድርጊልኝ። እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን ሁሉ ነገር ይቆምና ቡናና ኬክ ይቀርባል። ጀበና የለም፣ ጭስ የለም፣ ቶናና በረካ የለም፤ ማሽኑ አንዴ ያንጠባጥባል፣ አለቀ። ላይፕሲግ ግን በቡና የታወቀ ከተማ ነው። ሙዚቀኛው ባኽ እዚህ ተቀምጦ ቡና የምትወድ ልጅን የሚመለከት ዜማ ደርሷል። ከ1700ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ቡና የተቀዳበት አሮጌ ቤትም መሀል ከተማ አለ፤ «የዓረብ ቡና ዛፍ» ብለው ጽፈውበታል። ከፋን የሚያነሳ አንድ ፊደል በሩ ላይ ፈልጌ አጥቼ፣ ተቆጥቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

በዚያው ቀን ነው እንግዲህ፣ የ86 ዓመቷ እናት ከየት እንደመጣሁ ጠይቀውኝ ስነግራቸው፣ ስኒያቸውን አስቀምጠው «የእናንተን ቡና ጠጥቼ ነው የኖርኩት» ያሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ከተማ ያን ጊዜ ምሥራቅ ጀርመን ነበር። በ1975 ብራዚል ውስጥ ውርጭ ቡናውን ፈጀው፤ የዓለም ዋጋ ናረ፤ ምሥራቅ ጀርመን ደግሞ በቂ ዶላር አልነበራትም። በ1977 መንግሥት ርካሹን ቡና ከገበያ አንስቶ፣ 51 በመቶው ብቻ ቡና የሆነ ድብልቅ አወጣ። ቀሪው የአተርና የእህል ምናምን ነው። ሴትዮዋ እንደሚሉት ድብልቁ የሚሠሩበትን ምግብ ቤት ማሽን እየደፈነ አላሠራ አላቸው። ሕዝቡ ስንቱን ችሎ ይህን አልችልም አለ፤ አቤቱታ ዘነበ። ቡና የቸገረው መንግሥት በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ሄዶ ከደርግ ጋር ተዋዋለ። ከእኛ ቡና፣ ከእነሱ መሣሪያና የጭነት መኪና።

ጋሼ፣ ያ የጭነት መኪና ኢፋ ነው! ሉድቪግስፌልደ በምትባል ከተማ፣ ከበርሊን አጠገብ ነበር የሚሠራው። እርስዎ በጣርማ በር ሽቅብ ኢፋ ሲያስጓሩ፣ እኚህ ሴት እዚህ ተቀምጠው በቡናችን ኬካቸውን ያወራርዱ ነበር። ይህን ስነግራቸው በጣም ተደሰቱ፤ «መኪናው ደህና ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ፍሬኑን በተመለከተ እርስዎ ሁልጊዜ የሚሉትን አልተረጎምኩላቸውም። የመሣሪያውንም ነገር አላነሳሁም። እሱ የት እንደዋለ እኛ እናውቃለን፤ ለኬክ ሰዓት የሚሆን ጨዋታ አይደለም።

እታለም፣ «ልጆቻቸው ጥለዋቸው ነው ወይ?» ብለሽኝ ነበር። የጣለም አለ። አብዛኛው ግን እሑድ እሑድ አበባ ይዞ ይመጣል፣ ከሰዓቱ ዝንፍ አይልም። እኚሁ እናት በበኩላቸው «እናንተ አገር እንዲህ ያለ ቤት አለ?» አሉኝ። ደረቴን ነፋ አድርጌ «እኛ ወላጆቻችንን እቤታችን ነው የምንጦራቸው» አልኩ።

«የሚጦራቸው ማን ነው?»

«ቤተሰብ።»

«ከቤተሰቡ ማን?»

እዚህ ላይ ጀርመንኛ ጠፋኝ። አያታችን አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ ሌሊት እየተነሳሽ ያገላበጥሻቸው፣ አንሶላ ያጠብሽ፣ የልብስ ስፌቱን ቤት ዘግተሽ ደንበኞችሽን የበተንሽ አንቺ ነሽ። እኛ ወንዶቹ በር ላይ ቆመን «እንዴት አደሩ?» እያልን ቤተሰብ ነበርን። እኔ ዳቦ ስለቀባሁ የሳምንት ዕረፍትም ፈቃድም አለኝ። ላንቺ ክብ ሠርቶ ስሜትሽን የጠየቀሽ፣ የበግ ሥዕል ያቀረበልሽ የለም። ሴትዮዋ ቀጥለው «እህትህ ስንት ይከፈላት ነበር?» አሉኝ። «ምርቃት» አልኩ። በጣም አሰቡና «እሱስ ለጡረታ ይያዛል?» አሉ።

ስለዚህ እድር ላይ ምን ይሠራል ካሉሽ፣ እኔ የሠራሁትን ነው የሚሠራው፣ በፈረቃ፣ በያቸው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። በሚመጣው ሰው እጅ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ትንሽ ምጥን ሽሮም ላኪልኝ። ለሴትዮዋ የገባሁት ቃል ስላለ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ጨምሪበት። ክፍሌ ጣሪያ ላይ የጭስ መጠቆሚያ ስላለ እዚያ አልቆላውም፤ ግቢው ውስጥ ለመቁላት አመልክቻለሁ፤ ጉዳዩ በስብሰባ እየታየ ነው። ጋሼ ኢፋው አጠገብ የተነሱት ፎቶ ካለ ያንንም ላኩልኝ፤ ቅጽ መሙላት አያስፈልጋቸውም፣ እኔ እዚህ እሞላለሁ። ቅቤና ቋንጣ ግን እንዳትልኪ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ኤርፖርት ላይ ወስደው ይጥሉታል።

ወንድምሽ