ስምንቱም በርቷል

ወልድያ ላይ የኔትወርክ ዝርጋታ ሙያ የሚጀመረው ከመሰላል ነው፤ እሱም ከታች። «የትብብር ሥልጠና» ይባላል፤ ኮሌጁ ንድፈ ሐሳቡን፣ ድርጅቱ ተግባሩን ያስተምራል። ትብብር መኖሩስ እውነት ነው፤ ሠልጣኙ መሰላል ይይዛል፣ ሻይ ያመጣል፣ መዝገቡ ላይ «ኬብል ዘረጋሁ» ብሎ ይጽፋል፣ አለቃው ይፈርምለታል።

መርሳ ከተላከ አደገ ማለት ነው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ይገባል። የመርሳን ፀሐይ የቀመሰ ያውቀዋል። እዚያ ላቡን እየጠረገ ሽቦ ይደረድራል፦ ነጭ-ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡኒ፣ ቡኒ። አረንጓዴዎቹ ለምን ተለያዩ ብሎ የጠየቀ «ዝም ብለህ ደርድር» ይባላል። መልሱማ የቤት ስልክ ነው፤ መሐል ያሉት ሁለት ቦታዎች ከጥንት ጀምሮ የስልክ መስመር ናቸው።

ደንቡ አንድ መስመር ከ100 ሜትር አይለፍ ይላል። ባለንብረቱ ደግሞ «ትንሽ ናት የቀረችው፣ ሳብ አድርጓት» ይላል። «ንጹሕ መዳብ» ተብሎ የተገዛው ሽቦ በምላጭ ሲፋቅ ነጭ አልሙኒየም ይወጣዋል፤ መዳቡ ለወግ የተቀባ ነው።

በነሐሴ 2015 ወልድያ ባለችበት ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ የዚያ ሰሞን ሠልጣኞች ኢንተርኔትን በትምህርት አወቁት እንጂ በአካል አልተዋወቁም።

የኬብል መፈተሻው ግን ምን ገዶት! ከ1 እስከ 8 ቦግ ቦግ እያለ ይጨርሳል።

«ፈትሸኸዋል?» ይላል ባለሱቁ።

«አዎ ጋሼ፣ ስምንቱም በርቷል።»

«ስምንቱን ተወውና ቴሌግራሜን አብራልኝ።»