ለክፉ ቀን የተገዛ ካሜራ

ፎቶ አንሺ ወዳጆቼ አዲስ ካሜራ ሲያምራቸው «አማረኝ» አይሉም፤ «መጠባበቂያ ያስፈልገኛል» ነው የሚሉት። አምሮትን ሚስትም ጓደኛም ይሞግተዋል፤ ጥንቃቄን ግን ማን ደፍሮ ይነቅፋል? በዋሽንግተን ዙሪያ የሐበሻ ሠርግ የሚያነሳ አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ይኸው ጥንቃቄ ጸንቶበታል። ዲጂታሉ ድንገት ቢከዳውስ? ባትሪው ቢያልቅስ? ስለዚህ ፊልም የሚጎርስ፣ ፎከሱ በእጅ የሚስተካከል አሮጌ ካሜራ ፍለጋ ገባ።

ምርጫው ከሚዜ ምርጫ የባሰ ጣጣ ነበረው። በፈረንጆቹ 1976 የወጣው ካኖን ኤ ኢ-1 ቁመናው ቢማርከውም ያለ ባትሪ አንዲት ፎቶ አያነሳም፤ ከባትሪ ለሚሸሽ ሰው አይሆንም። ኦሊምፐስ ኦ ኤም-1 ያለ ባትሪ ያነሳል፤ የብርሃን መለኪያው ግን የተሠራው ለሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ያ ደግሞ በመርዛማነቱ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። ፔንታክስ ኬ 1000 ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ግን ለዓመታት የፎቶ ተማሪዎች ካሜራ ሆኖ ስለኖረ «በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ልምሰል?» ብሎ ተወው። በመጨረሻ ልቡ ያረፈው በ1982 በወጣው ኒኮን ኤፍ ኤም 2 ላይ ነው። ሻተሩ ሙሉ በሙሉ ሜካኒካል ነው፤ ያለ ባትሪ እስከ 1/4000 ሰከንድ ድረስ ይሠራል። ባትሪ የሚፈልገው ለብርሃን መለኪያው ብቻ ነው።

«በረዶ ቢጥል፣ መብራት ቢጠፋ፣ ዓለም ብትገለበጥ ይሠራል!» ይላል። እውነቱን ነው። ዓለም በተገለበጠች ማግስት ሠርግ የሚደግሰው ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም።

«ሌንስም አልገዛ፤ ያለኝ የዲጂታሉ ኒኮን ሌንስ ይበቃኛል» አለ ደግሞ። ኒኮን ከ1959 ጀምሮ ይዞት የቆየው የሌንስ መግጠሚያ ነውና፣ መግጠሙንስ ይገጥማል። የወዳጄ ሌንሶች ግን የብርሃኑን ቀዳዳ በእጅ የሚያዞሩበት ቀለበት የሌላቸው ዘመነኞች ናቸው፤ አሮጌው ካሜራ ላይ ሆነው ፎቶ ሲነሳባቸው ቀዳዳቸው እስከ መጨረሻው ይጠብና የአዳራሹን መብራት እንዳልነበረ ያደርጉታል። እናም ለመጠባበቂያው ሌንስ ተገዛ። ለሌንሱ ፊልተር፣ ለሁሉም ቦርሳ ተገዛ። ባትሪ ለማያስፈልገው ካሜራም መጠባበቂያ ባትሪ ተገዛ። ፊልሙ እንዳይበላሽ ፍሪጅ ውስጥ ከበርበሬውና ከቅቤው ጎን ቦታ ተሰጠው።

እንግዲህ ክፉው ቀን መጣ እንበል። አዳራሹ ደብዝዟል፣ ሙሽሮቹ እስክስታ ላይ ናቸው፣ ዲጂታሉ ጸጥ አለ። ወዳጄ ፊልም ሲያጎርስ አንዱ ዘፈን ያልቃል። ቀጥሎ በመመልከቻው መሀል ለሁለት ተከፍላ የምትታየውን ሙሽራ የሌንሱን ቀለበት እያዞረ ሊያገጥም ይታገላል፤ የእስክስታ ትከሻ ግን ፎከስ እስኪደረግ ቆሞ አይጠብቅም። ያለው 36 ፎቶ ነው፤ የሙሽራዋ አክስቶች በየተራ «እኔንም ከልጄ ጋር!» ካሉ አይበቃም። ሙሽራዋ ፎቶውን ዛሬ ማታ ስልኳ ላይ ትፈልገዋለች፤ ፊልሙ ግን ገና ተልኮ ይታጠባል።

ከዋናው ካሜራ ጋር ባትሪና ሌንስ የሚጋራ፣ አንድ ሞዴል ወደ ኋላ የቀረ ያገለገለ ዲጂታል ቢገዛ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖርም ነበር። ይህንኑ ስነግረው ፊቱን አጨፈገገ። «ወንድሜ፣ እሱ ደግሞ ምን ደስ ይላል?» አለኝ።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። ለክፉ ቀን ብለን የምናስቀምጠው ብዙ ጊዜ ክፉውን ቀን የሚያሻግረንን ሳይሆን ደጉን ቀን የሚያጫውተንን ነው። ደስታን በደስታነቱ መግዛት ያሳፍረናልና ስጋት እናለብሰዋለን።

ኤፍ ኤም 2 እስካሁን አንድም ሠርግ አላዳነም። እሁድ እሁድ ግን ከወዳጄ አንገት አይወርድም፤ ልጆቹን መናፈሻ ወስዶ የሌንሱን ቀለበት እያዞረ ሲያነሳቸው ፊቱ ይፈካል። ዲጂታሉም በቦርሳ ታጭቆ ይከተለዋል፤ ምናልባት ፊልሙ ካለቀ ተብሎ።