«ቺንጋዋ ብቻ ናት»

«ምንም አልሆነችም፤ ቺንጋዋ ብቻ ናት።» አሮጌ ዎክማን ገዝቶ ይህችን ያልሰማ ካለ እጁን ያውጣ። ሻጩ ምናለሽ ተራ ሸራ ዘርግቶ የተቀመጠ ነጋዴ ይሁን፣ ፎቶ በስልክ የሚልክ ደላላ ይሁን፣ አጎቱ ድሮ ከአሜሪካ ያመጣትን ከአልጋ ሥር ያገኘ የሰፈር ልጅ ይሁን፣ ንግግሩ አንድ ነው። አንዳቸውም ከፍተው አላዩአትም፤ ግን ቺንጋዋ ብቻ እንደሆነች በእርግጠኝነት ያውቃሉ። «ታዲያ ለምን ራስህ ቀይረህላት በእጥፍ አትሸጣትም?» ብትሉት «ጊዜ አጥቼ እንጂ» ይላችኋል፤ ከጠዋት ጀምሮ ከዚያች ዱካ ላይ ሳይነሳ።

«ትሠራለች ወይ?» ለሚለውም መልሱ የተጠና ነው። ሁለት ድንጋይ ይከትባትና ቀይዋን መብራት ያሳያችኋል። መብራቱ በራ፣ በቃ፣ ሠራች። ካሴት ከትተን እንስማት ካላችሁ «ዛሬ ደግሞ ካሴት ማን አለው?» ብሎ ይስቅባችኋል። ፎቶ ሲልኩም ሁልጊዜ በደህናው ጎኗ ነው። የተፋቀው፣ የተሰነጠቀውና የድሮ ባለቤቷ ስሙን በሚስማር የጻፈበት ጎን የሚታየው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው።

እኛ ግን እንገዛለን። ምን ይደረግ! የቆየ ፍቅር ነው፤ ፊሊፕስ ካሴትን ለዓለም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ሶኒ ደግሞ የመጀመሪያዋን ዎክማን፣ ቲፒኤስ-ኤል2 የምትባለዋን ሰማያዊና ብርማ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1979 ጃፓን ውስጥ በ33,000 የን ለገበያ አወጣት። ሁለት ሰው አብሮ እንዲያደምጥ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ነበራት። እሷ ዛሬ ለእኔ ቢጤው አትቀመስም፤ በተለይ እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ የሆሊውድ የጠፈር ፊልም ጀግናው ወገብ ላይ ካንጠለጠላት ወዲህ። ይህንንም እንደ በደል ነው የምቆጥረው። ፊልም ሠሪዎቹ ለቀልድ ብለው ባነሷት ዕቃ ወጪው የመጣው እኛ ላይ ነው።

ስለዚህ ዓይናችንን ወደ ሌሎቹ እናዞራለን፤ እ.ኤ.አ. በ1982 ወደ ወጣችው ደብልዩኤም-ዲዲ እና ወደ ታናናሾቿ። እነዚህም በቀላሉ አይገኙም። ከሌሎቹ የሚለያቸው ቴፑን የሚስበው ቀጭን የብረት ዘንግ በቺንጋ የማይዞር መሆኑ ነው፤ የሞተሩ ጫፍ የዘንጉን ዲስክ በቀጥታ ነክቶ ያዞረዋል። ቺንጋ ሲለጠጥና ሲሳብ የሚያመጣው መዋዠቅ ስለማያገኘው ድምፁ ቀጥ ያለ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ! ሰውየው «ቺንጋዋ ብቻ ናት» ብሎ የሚምልባት ዎክማን ዋና ዘንጓ በቺንጋ የማይዞር ናት።

የዲዲዎቹ የታወቀ ሕመም ሌላ ነው። መሃል ላይ አንዲት የፕላስቲክ ጊር አለች፤ በብረት እምብርት ላይ ተጨምቃ የገባች። ፕላስቲኩ በዕድሜ ይኮማተራል፣ ብረቱ አይኮማተርም፤ ስለዚህ ጊሯ ትሰነጠቃለች። ስንጥቁ ጋ ያሉት ሁለት ጥርሶች ይራራቁና ጊሯ በዞረች ቁጥር ጠቅ፣ ጠቅ ትላለች። ሠሪዎቹን አልወቅስም፤ ዐርባ ዓመት ያለፈው ፕላስቲክ ቢሰነጠቅ ማን ይፈርድበታል? የምወቅሰው ያንን ጠቅታ በጆሮው እየሰማ «እሱ እኮ የካሴቱ ነው» የሚለውን ነው።

ደግሞስ ዕድሜ ያደረሰባት ጉዳት የሰው እጅ ካደረሰባት ጋር ሲተያይ ምን አላት? አሮጌ ዎክማን ስትከፍት ከአንተ በፊት የከፈታትን ሰው ጠባይ ቁልጭ አድርገህ ታያለህ። የጃፓን ቪቴ መስቀሉ ከለመድነው ትንሽ ይለያል፤ በማይገጥመው ካቻቢቴ ታግሎ አናቱን ልጦታል። ከተፈቱት ቪቴዎች ግማሹ ጠፍተዋል። የቀሩት ቦታ ተቀያይረዋል፤ ረጅሙ በአጭሩ ቀዳዳ ገብቶ ከሥር ያለውን ሰሌዳ ወግቶታል። ከዚያ ዘይቱ! የስፌት መኪና ዘይት ለሁሉም ነገር መድኃኒት ነው ብሎ ማን እንደሰበከን እንጃ። ጊሩ ላይ፣ ሞተሩ ላይ፣ ቴፑን ጨብጦ በሚይዘው ጎማ ላይ ሳይቀር ያፈሱታል። ያ ጎማ ደግሞ መያዝ እንጂ መንሸራተት አይደለም ሥራው። በላዩ ላይ በሱፐር ግሉ የተለጠፈ ክዳን፣ በወፍራም ስታኞ የተድበሰበሰ ሽቦ። ዎክማኗ እንዳልሠራችለት አይቶ መልሶ ገጥሟት ሸጣት። ምን ብሎ እንደሸጣት አልነግራችሁም።

ከሁሉ የከፋው ግን ቴፑን የሚያነበውን ሄድ የነካ ነው። ከሄዱ ጎን አንዲት ትንሽ ቪቴ አለች፤ ሄዱ ለቴፑ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የምታደርግ። ትንሽ ካዘነበለች ቀጫጭኑ ድምፅ ይሞታል፤ ጸናጽሉ ይጠፋል፣ ዘፋኙ ከብርድ ልብስ ሥር ሆኖ ያዜማል። ያ ሰው ድምፁ ስላላማረው ይህችን አዙሯታል። የት እንደነበረች አላስታወሰ፣ ምልክት አላደረገ። ድምፁ ያላማረው ሄዱ ስለቆሸሸ ነበር፤ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ሁለቴ ቢጠርገው ይበቃ ነበር።

የድንጋዩን ፍሳሽ ነገር ብዙ አላወራም፤ ቤቱ ሬዲዮ የነበረው ሁሉ ያውቀዋል። ድንጋይ ከትቶ ዐሥራ ምናምን ዓመት የረሳት ሰው ቤት የቆየች እንደሆነ ነጭና አረንጓዴው ዝገት በሽቦው ተስቦ ሰሌዳው ድረስ ይገባል። ሎሚ ትንሽ ያነሳዋል፤ የተበላውን ግን አይመልሰውም። ቺንጋ ያላቸው ዎክማኖች ውስጥም ቺንጋው እንደ ሬንጅ ቀልጦ ይጠብቃችኋል፤ የነካው ጣት ለቀናት ጥቁር ነው።

ይህን ሁሉ ጠርገህ፣ ገጥመህ፣ ድምፅ መስማት ስትጀምር ደግሞ ፍጥነቱ ይመጣል። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር እንዲሄድ ነው ሕጉ። 6 በመቶ ያህል ከፈጠነ ዘፈኑ በሙሉ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል፤ ጎልማሳው ዘፋኝ ጎረምሳ ይሆናል። ታዲያ በምን ታስተካክለዋለህ? ለዚሁ ተብሎ የተቀዳ የመለኪያ ካሴት አለ፤ ዋጋው ከዎክማኗ ጋር ይፎካከራል። ቤት ያሉትን ካሴቶች እንዳትጠቀም፣ እኛ እኮ አብዛኛውን ያስቀዳነው ሙዚቃ ቤት ነው። የቀዳው ቴፕ ራሱ በትክክል ይሄድ እንደነበረ ማን ይመሰክራል? እኔ በልጅነቴ የማውቀው የአንዳንዱ ዘፋኝ ድምፅ የዘፋኙ ይሁን የሙዚቃ ቤቱ ቴፕ እስከዛሬ አልለየልኝም።

መዋዠቁን ለመስማትም የእኛ ዘፈን አይመችም። ዘፋኞቻችን ድምፃቸውን ማርገብገብ ይወዳሉ፤ ትዝታ ላይ አንድ ድምፅ ይዘው ሲያንቀጠቅጡት ተንኮሉ የጉሮሮ ይሁን የሞተር አይታወቅም። ማሲንቆም እንደዚያው። አንድ ወዳጄ ጥገናውን ጨርሶ «ይኸው፣ ቀጥ ብላለች» ብሎ አስደመጠኝ፤ ዘፋኙን ሳይሆን ዎክማኗን እያደነቅን እንደነበር የገባን ፒያኖ ያለበት ካሴት ስንከት ነው። ፒያኖ አይደብቅም። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ፒያኖ አንድ ድምፅ መትቶ ሲለቀው እየከሰመ ይሄዳል እንጂ አይንቀጠቀጥም። በእኛ ዎክማን ግን እማሆይ በጀልባ ላይ ተቀምጠው የሚጫወቱ ይመስሉ ነበር።

ለዚህ ሁሉ መካሪ አይጠፋም። «ከስልክህ አትሰማም እንዴ?» የማይል ዘመድ የለም። እሰማለሁ! ስልክ እንዳለኝ አውቃለሁ። አንዷ እትዬ «ይሄንን ብር ብትቆጥበው እኮ…» ብለው ይጀምሩና የት እንደሚያደርሰኝ ሳይነግሩኝ ይተዉታል። ልጆቹ ደግሞ ብሉቱዝ አላት ወይ ይላሉ። እነዚያው መካሪዎች ግን ሳጥናቸው ውስጥ ዘመድ ከጅዳ ወይ ከዋሽንግተን በካሴት የላከው የድምፅ ደብዳቤ ተቀምጧል፤ አንድ ቀን «ይቺን ታሰማኛለህ?» ብለው መምጣታቸው አይቀርም። ያን ጊዜ እኔ ስልክ አላነሳም።

ጠጋኝ ፈልግ አትበሉኝ። ቴፕ ይሠሩ የነበሩት ሱቆች ዛሬ የስልክ ስክሪን ይቀይራሉ። ወጣቱ ጠጋኝ ዎክማኗን አገላብጦ አይቶ ቻርጅ የምታደርገው በየት በኩል ነው ይላል። ከድሮዎቹ የቀሩ ጋሼዎች አሉ፤ እጃቸው ይባረክ፣ ሥራውን ያውቁታል። ጆሯቸውን ጠጋ አድርገው ብቻ «ጊሯ ናት» ይሉሃል። ችግሩ ቀጠሮው ነው። «ነገ ና» ይላሉ። ነገ ሲደርስ ሱቁ ዝግ ነው፤ ሲከፈት ዎክማንህ መሳቢያ ውስጥ ከሌሎች ሬሳዎች ጋር ተቀላቅላ ክዳኗ የሌላ፣ ቪቴዋ የሌላ ሆናለች። መቆጣት ደግሞ አትችልም። ሌላ ማን አለህ?

ጊሯን ባሕር ማዶ እንደ እኛ ያበዱ ሰዎች ከጠንካራ ፕላስቲክ እያስቀረጹ ይሸጧታል። ሶኒ የካሴት ዎክማን ለጃፓን ገበያ ማቅረብ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ መለዋወጫውን አሁን የያዙት እነዚህ ሰዎች ናቸው። ለመግዛት ግን በዶላር የሚከፍል ካርድ ይፈልጋል። ስለዚህ ውጭ ያለ ዘመድ ይለመናል። ዘመድ ገዝቶ ቤቱ ያስቀምጣታል፤ ቀጥሎ የሚመጣ ሰው ይጠበቃል። የሚመጣ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ኪሎው ሞልቷል። ጊሯ ከአዝራር አትበልጥም፤ በፖስታ ውስጥ ብትገባ መኖሯም አይታወቅም። «ውይ፣ ሃያ ሦስቱ ኪሎ ሞልቶብኝ እኮ ነው!» ትላለች የአክስቴ ልጅ፣ በሁለቱ ሻንጣዎቿ ለሠርግ የሚሆን ጫማ፣ ቫይታሚን፣ የሕፃን ልብስና የዱቄት ወተት ጭና። ለትንሣኤ ነበር የምትመጣው። አሁን ለእንቁጣጣሽ ብላለች። ጊሯን በቦርሳዋ ኪስ እንድትይዝልኝ ከወዲሁ ለምኛታለሁ፤ ቦርሳውም ሊሞላ እንደሚችል ከወዲሁ አስጠንቅቃኛለች።