የጋራዥ ጣልያንኛ

ሮም የገባሁት ጣልያንኛ እችላለሁ ብዬ ነበር። ለምን አልል? ልጅነቴ ያለፈው አባቴ ጋራዥ ውስጥ ካቻቢቴና ፒንሳ ሳቀብል ነው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ሞርሳ... አፌን የፈታሁት በእነዚህ ነው ማለት ይቻላል። ከጋራዡ ስወጣ ደግሞ ፒያሳ አለ፣ ማኪያቶ አለ፣ ባንኮኒ አለ። ከዚህ በላይ ምን ቋንቋ ያስፈልጋል?

ሃያ አምስት ዓመት ሮም የኖረችው የእህቴ ልጅ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ መጥታ ተቀበለችኝ። ስንወጣ "ይሄ አደባባይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል ጋሼ" ብትለኝ፣ በልጅነቴ የተሳፈርኩባቸው የፊያት ሴይቼንቶ ታክሲዎች ትዝ አሉኝና "ለመኪና ነው እንዴ አደባባይ የሰየሙት?" አልኳት። ሳቀችብኝ። ለካ በ1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ለደመሰሷቸው አምስት መቶ ያህል የጣልያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው። ትንሽ ዝቅ ብሎ ሐውልታቸው ቆሟል፤ ድንጋዩ ግን ከግብፅ የመጣ፣ የዳግማዊ ራምሴስ ነው። ሰው አገር ሄዶ የሞተን ወታደር በሰው አገር ድንጋይ ማስታወስ፣ እሱም አንድ ሙያ ነው። እኔ ግን ራስ አሉላ ራሳቸው የተቀበሉኝ ይመስል ሻንጣዬን ደረቴን ነፍቼ ጎተትኩት።

ኩራቴ ቡና ቤት ድረስ ብቻ ዘለቀ። "ማኪያቶ" አልኩ። ሲኒው ቂጥ ላይ የቀረች ጥቁር ቡና መጣች፣ አናቷ ላይ የአረፋ ነጥብ ጣል ተደርጎባት። ሁለት ጊዜ ፉት ስላት አለቀች። በማግስቱ ብልጥ ሆኜ "ላቴ" አልኩ፤ ብርጭቆ ሙሉ ነጭ ወተት ቀረበልኝ። ላቴ ማለት ወተት ነዋ! የባሰው ደግሞ ወንበር ስቤ መቀመጤ ነው፤ ባንኮኒው ላይ ቆሞ የሚጠጣና ተቀምጦ የሚጠጣ እኩል አይከፍልም። ሰዉ ቡናውን ቆሞ ጨልጦ ውልቅ ሲል፣ እኔ ለወንበሩ ጭምር ከፍዬ ወተቴን እጠጣለሁ።

ፓንቴዎን የሄድኩ ዕለት ዘነበ፤ እንዲያውም ጥሩ ሆነልኝ። የጉልላቱ ወርድም ከወለሉ እስከ አናቱ ያለው ከፍታም 43 ሜትር ገደማ ነው፤ ጉልላቱ ብረት ያልገባበት ኮንክሪት ሆኖ ወደ 1,900 ዓመት ቆሟል። አናቱ ክፍት ነው። ዝናቡ በዚያ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ ይወርድና እምነበረዱ ላይ ተንጣጥቶ፣ ወለሉ ላይ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ሰርጎ ይጠፋል። እሱን ሳይ ቆይቼ ዞር ብል ከአንድ መቃብር ፊት ቆሜያለሁ፦ ቀዳማዊ ኡምቤርቶ፣ የዓድዋው ጊዜ ንጉሥ። እጅ ልንሳ ወይስ ልለፍ ብዬ ሳመነታ ጃንጥላዬ እግራቸው ሥር ኩሬ ሠርታለች።

ኮሎሲየምን ሰልፉን አይቼ ከውጭ ተሳለምኩት። የእህቴ ልጅም ከዚያ ብዙ ወደማይርቀው ፖርታ ካፔና ወሰደችኝ። የአክሱም ሐውልት በ1937 እ.ኤ.አ. ተወስዶ እዚያ ነበር የቆመው፤ ወደ 160 ቶን የሚጠጋ ድንጋይ። በሦስት ተቆርጦ በ2005 እ.ኤ.አ. በአውሮፕላን ወደ ቤቱ ገባ። አሁን ቦታው ላይ መኪና ይዞራል። የእህቴ ልጅ ሮም እንደመጣች ሰሞን አገሯ ሲናፍቃት ሐውልቱ ሥር ሄዳ ትቀመጥ ነበር። "ሲመለስ ደስ አለኝ ጋሼ፤ ግን ሰፈር የለቀቀብኝ ዘመድ ሆነብኝ" አለችኝ።

ያን ቀን ረቡዕ ነበር። ምግብ ቤት አስገብታኝ ስልክ ሲደወልላት "እርስዎ ይዘዙ፣ መጣሁ" ብላ ወጣች። ሜኑው ላይ አንድም የጋራዥ ቃል የለም። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ቀይ ፓስታ ይበላል፤ ቲማቲም ነው፣ ጾም ነው ብዬ በጣቴ ጠቆምኩ። መጣ። መሃሉ ክፍት የሆነ ወፍራም ፓስታ፣ ሱጎው የሚያብለጨልጭ። ስጎርስ አንድ ነገር ጥርሴ ላይ ቅርጭጭ አለ። ሽንኩርት ነው አልኩ። በሦስተኛው ጉርሻ የእህቴ ልጅ ደረሰች።

"ጋሼ! አማትሪቻና እኮ ነው!"

"እና?"

"ጓንቻሌ አለበት። የአሳማ ጉንጭ!"

ጓንቻሌ፣ ጉንጭ። መቼም ቋንቋ መመሳሰሉን የሚያሳይበት ሰዓት አያውቅም። የእኔ ጉንጭ እንደሞላ ወደ ሽንት ቤት ሮጥኩ። አፌን ደጋግሜ ተጉመጥምጬ፣ ጾም መግደፌንና አሳማ መብላቴን እያመዛዘንኩ ልወጣ በሩን ስስብ እጀታው ተነቅሎ እጄ ላይ ቀረ። ደበደብኩ። ከውጭ አስተናጋጁ ብዙ ነገር ያወራል፤ አንዱም አይገባኝም። ያኔ ከየት እንደመጣ እንጃ፣

"ካቻቢቴ!" ብዬ ጮህኩ።

ፀጥ አለ። ከዚያ "ካቻቪቴ?" አለ ድምፁ።

"ሲ! ካቻቢቴ!"

በበሩ ሥር እጀታው ቀይ የሆነ ካቻቢቴ ተንሸራቶ ገባ። ቀዳዳው ውስጥ ሰክቼ ዞር ባደርገው ምላሱ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። የአባቴ ልጅ ነኝና እጀታውንም መልሼ አጥብቄ ገጠምኩላቸው።

ሂሳቡ ሲመጣ ያልነካነው ዳቦ ሳይቀር ተጽፎበታል። የእጅ ዋጋዬ ግን አልተቀነሰም።