ባሕሩ ሲሄድ የሚከፈት ትምህርት ቤት

ይድረስ ለተከበሩ የኔታ፤

እኔ ከእርስዎ ናፍቆትና ከዚህ አገር ነፋስ በቀር በጸሎትዎ ደኅና ነኝ። ልጄም አምስት ዓመት ሞልቷት ትምህርት ቤት ገብታለች። ትምህርት ቤት አልኩዎት እንጂ ዐርብ ዐርብ የምትማረው ባሕር ዳር ነው። ጣና ዳር ያለችውን ከተማ ማለቴ አይደለም፤ የእውነቱን ባሕር፣ ኒውካስል አጠገብ ያለውን የሰሜን ባሕር ማለቴ ነው።

እኛ ከቅጥሩ ጥድ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ፊደል የቆጠርነው ክፍል አጥተን ነው። እነዚህ ግን ክፍል አላቸው፤ ያውም ማሞቂያ ያለው፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት። እሱን ዘግተው ሕፃናቱን አሰልፈው ወደ ብርድ ይወጣሉ። ነገሩ የተጀመረው በ1993 ነው (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልዎ)። ብሪጅዋተር ከሚባል የእንግሊዝ ኮሌጅ የሄዱ ሰዎች የዴንማርክ ሕፃናት ደጅ ሲውሉ አይተው ተመለሱና «የጫካ ትምህርት ቤት» አሉት። ጫካ የራቀው የጠረፍ ሰው ደግሞ ባሕሩን ክፍል አደረገው።

ከመውጣት በፊት ታዲያ ወረቀት አለ። እርስዎ በክረምት ሙላት ወንዝ አሻግረው ለንግሥ ሲወስዱን ማንን አስፈረሙ? እዚህ አስተማሪዋ ልጆቹን ሊያገኛቸው የሚችለውን አደጋ ሁሉ በሠንጠረዥ ታሰፍራለች፦ ማዕበል፣ የሚያዳልጥ ድንጋይ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ ብርድ፣ ፀሐይ። ፀሐይን ለምን እንደጻፈቻት አልገባኝም፤ እስካሁን አልመጣችም። እኛ ወላጆች እንፈርማለን። እኔንም አጋዥ ሁን ብለው ቦቲና የሚያንጸባርቅ ቢጫ ሰደርያ አለበሱኝና ትራፊክ ፖሊስ መስዬ ተሰለፍኩ።

የሄድነው በቅድስት ማርያም ስም ወደምትጠራ ትንሽ ደሴት ነው፤ ስሟን ስሰማ ልቤ ትንሽ ተረጋጋ። በ1898 ተሠርቶ በ1984 ሥራ ያቆመ ነጭ የመርከብ መብራት ማማ አላት። መንገዷን ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይውጠዋል፣ ሁለት ጊዜ ይለቀዋል። እኛ የምናውቀው ዐባይ ከሄደ ሄደ ነው፤ ይኼኛው ግን ሄዶ ይመለሳል። የምትስበው ጨረቃ ናት። ስለዚህ የትምህርቱን ሰዓት የምትወስነው ርእሰ መምህሯ ሳትሆን ጨረቃ ናት፤ እሷም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ታረፍዳለች፤ የሚገርፋት የለም።

ባሕሩ ሲሸሽ ዓለቱ መሐል ትንንሽ ኩሬዎች ይቀራሉ። ልጆቹ ድንጋይ እያነሡ ሸርጣን ያያሉ፤ ድንጋዩን እንደነበረ የመመለስ ግዴታ አለባቸው፤ ከሥሩ ነዋሪ አለ። ልጄ ዓለት ላይ የተጣበቀች፣ ቅርፊቷ እንደ ባርኔጣ ሾጠጥ ያለ ፍጥረት አሳየችኝ። ባሕሩ ሲሞላ ወጥታ ትግጣለች፤ ከዚያ ትክክለኛ ቦታዋን ፈልጋ ተመልሳ ትለጠፋለች። በ2015 የፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥርሷን ለክተው፣ ከሕያዋን ከሚገኝ ነገር እስከዚያን ጊዜ ከታወቀው ሁሉ የጠነከረ ነው ብለዋል። ጥርስ እንዳላት የነገረችኝ ልጄ ናት። እኔ በእሷ ዕድሜ ለክቼ የማውቀው የእርስዎን አለንጋ ብቻ ነበር።

ምሳ ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ወፍ የአንዱን ልጅ ዳቦ ከእጁ ነጥቆ በረረ። ሠንጠረዡ ላይ አልነበረም።

ከምሳ በኋላ አሸዋ ላይ በእንጨት ስማቸውን ሲጽፉ እኔም «ሀ» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዋ አየችና «ለሁሉም አሳያቸው» አለችኝ። እኔም ድምፄን እንደ እርስዎ ወፈር አድርጌ «ሀ በሉ!» አልኩ። ክፍል ውስጥ «ቀስ በሉ» ሲባሉ የኖሩ የእንግሊዝ ልጆች ጩኸት ሲፈቀድላቸው ጊዜ «ሀ! ሁ! ሂ!» እያሉ ጠረፉን አናወጡት። ራቅ ብለው ዓለት ላይ የተጋደሙት አቆስጣዎች እንኳ ቀና ቀና አሉ። የዜማ ጉድለት አለባቸው እንጂ ከእኛ አይሰንፉም። «ሆ» ላይ ስንደርስ ባሕሩ መጣና «ሀ»ን ጠረገው፤ ሰደርያዬን ሰብስቤ ሮጥኩ።

አስተማሪዋ በሚቀጥለው ወር «ለ»ን እንድቀጥል ጠይቃኛለች። እንግዲህ የኔታ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሲያገኙ አንድ የፊደል ገበታ ይላኩልኝ። ፕላስቲክ የተለበጠው ቢሆን ይሻላል፤ እዚህ ዝናቡ አያባራም።

አክባሪ ተማሪዎ፣
ከኒውካስል