አረንጓዴ የተቀባው ቦታ

የትንሽ ከተማን መጪ ዘመን ለማየት የፈለገ ጠንቋይ ቤት መሄድ አያሻውም፤ ማዘጋጃ ቤት ይግባ። ከከንቲባው ወንበር በላይ፣ በመስታወት ተለብጦ፣ መዋቅራዊ ፕላኑ ተሰቅሏል። ባለ 30 ሜትር መንገድ፣ አደባባይ፣ መናኸሪያ፣ ምን የጎደለ አለ! አረንጓዴ የተቀባው ደግሞ መናፈሻ ነው። ቦታው ድረስ የሄደ ሰው ግን መጀመሪያ ጊዜያዊ ሱቅ፣ ሲቆይ የብሎኬት ሱቅ፣ ሲሰነብት ካርታ ያለው ሱቅ ያገኛል። አንካድ፤ ቆርቆሮውን አረንጓዴ የቀባ አይጠፋም።

አዋጅ ቁጥር 574/2000 ለመዋቅራዊ ፕላን 10 ዓመት ዕድሜ ሰጥቶታል። ከመጽደቁ በፊት ሕዝብ ይወያይበት ይላል። ሕዝቡም በአዳራሽ፣ ከለስላሳና ከቆሎ ጋር፣ ይወያያል። አንድ አዛውንት ተነሥተው «ጎርፉ በየት ይሂድ?» ይላሉ። «ገንቢ አስተያየት ነው» ተብሎ ይመዘገባል። ጎርፉ ቃለ ጉባኤ አያነብምና ሐምሌ ሲመጣ በለመደው መንገድ፣ አሁን ባንክ በቆመበት በኩል፣ ያልፋል።

የከተማዋን መልክማ ተዉት። የድንጋይ ቤቶቹና ዋርካው ለልማት ይነሡና ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ፎቅ ይተካል፤ ምድሩ ባንክ፣ ላዩ «የሚከራይ»።

ፕላን ሁሉ ግን ወረቀት ላይ አይቀርም። ባሕር ዳር ገና ትንሽ ሳለች፣ በ1950ዎቹ፣ የጀርመን ባለሙያዎች ፕላን ሠሩላት። ዘንባባ የተሰለፈባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎቿ ዛሬም ያስመሰግኗታል። ተአምር አልነበረም፤ ወረቀት ላይ የተሰመረው ዋና መንገድ መሬት ላይም ተሰመረ።

ክቡር ከንቲባ፣ የሚቀጥለውን የ10 ዓመት ፕላን ከማስጠናትዎ በፊት እባክዎ እኒያን አዛውንት ያስጠሯቸው።